ማብራቱ ቀላል ነው፤ ማጥፋቱ ነው ጉዱ

(ኮምቦልቻ ላይ ተማሪዎች የሠሩትን ባሳዩበት የሳይንስ ቀን ያደረግኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው የገለበጠችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። «እእእ» ያልኩበትን አውጥታዋለች። ሌላውን እንዳለ ተወችው።)

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ?

አልሰማሁም። ምሳ አልበላችሁም እንዴ? እንደምን ዋላችሁ? እንዲህ ነው እንጂ!

አባቶች፣ እናቶች፣ መምህራን፣ ልጆች፣ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ጠዋት ከደሴ ስነሳ ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ነበር። የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወርጄ እዚህ ስገባ ጃኬቴን አወለቅኩ። ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ግን ሌላ አገር የመጣሁ ይመስለኛል። ሐረጎን በልባችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ መምህር አይደለሁም። ይሄ አስቀድሞ ይታወቅልኝ። ኤሌክትሪሺያን ነኝ። እዚሁ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ደሴ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የተቃጠለ ሞተር እጠቀልላለሁ፣ ፓምፕ እጠግናለሁ፣ ሰው «አለቀለት» ያለውን ዕቃ ከፍቼ አያለሁ። አንዳንዴ እውነትም አልቆለታል።

ታዲያ ለምን ተጠራሁ? በእነዚህ ሦስት ልጆች ምክንያት ነው። እዚያ ጥግ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አያችሁት? የፕላስቲክ ቱቦ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሏል። ሁለት የዩፒኤስ ባትሪዎች አሉ። ቁልፉ ሲነካ ጥቅሉ ማግኔት ይሆንና ከቱቦው አፍ ላይ ያለውን ምስማር ስቦ በወዲያኛው በኩል ይወረውረዋል። ልጆቹ «የማግኔት ወንጭፍ» ብለውታል። ስሙን ወድጄዋለሁ። ማሽላ የጠበቀ ሰው ወንጭፍ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ከሁለት ወር በፊት ሱቄ መጡ። በላስቲክ የታሰሩ ሦስት የተቃጠሉ ሞስፌቶች ይዘዋል። ሞስፌት ማለት ለማያውቅ፣ በትንሽ ትእዛዝ ትልቅ ከረንት የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ልጅቷ ናት የተናገረችው። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይሠራል። ሁለተኛ ጊዜ ይሞታል። ውሸት ዕቃ ነው የሸጡልን?»

ይቺን «ውሸት ዕቃ ነው» የምትል ቃል እኔም በጣም እወዳት ነበር። ያቺም ታሪክ አላት፤ ትመጣለች።

ዛሬ ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ሞስፌቶቹን ማን ገደላቸው? ሁለተኛ፣ ይቺ በኪሴ ያለችው ጥቁር ፍሬ፣ ዳዮድ የምንላት፣ ምን ትሠራለች? ምንስ ታበላሻለች? ሦስተኛው ስለ ካፓሲተር፣ ኮረንቲ አጠራቅሞ ስለሚይዘው ዕቃ ነው። እሱ ላይ እቆጣለሁ፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

አንደኛ።

ልጆች፣ ልጠይቃችሁ። ሞስፌቱ የሞተው ሲበራ ነው ሲጠፋ?

ሲበራ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ብዙ ናችሁ። ሲጠፋ? አራት... አምስት። አምስታችሁ ልክ ናችሁ። ሌሎቻችሁ አብሽሩ፤ እኔም 30 ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ከእናንተ ጋር ነበርኩ።

አሁን ወደ ሐረጎ ተመለሱ። ተሳቢ የጎተተ፣ ሞልቶ የተጫነ ከባድ መኪና ቁልቁል እየመጣ ነው። ሾፌሩ ነዳጁን ለቋል። መኪናው ይቆማል? አይቆምም! ክብደቱ ራሱ ይገፋዋል። በዚያ ሰዓት ፊቱ ላይ ግንብ ብታቆሙበት ምን ይሆናል? ወይ ግንቡ ይፈርሳል፣ ወይ መኪናው፣ ወይ ሁለቱም።

በሽቦ ጥቅል ውስጥ የሚሄድ ከረንት እንደዚያ መኪና ነው። ለመነሳት ዳተኛ ነው። ከተነሳ በኋላ ደግሞ ለመቆም ዳተኛ ነው። ጥቅሉ ዙሪያ ያለው ማግኔት ጉልበት አጠራቅሟል። ማብሪያውን ስታጠፉ ያ ጉልበት የት ይሂድ? የት ይሂድ? መንገዱን ዘጋችሁበት። ግን እሱ መሄድ አለበት። ስለዚህ መንገድ እስኪያገኝ ድረስ ቮልቴጁን ያንረዋል።

ቁጥር ለምትወዱ ቁጥር ልስጣችሁ። የልጆቹ ጥቅል ዳተኝነቱ 1 ሚሊሄንሪ ያህል ነው። የሽቦው ተቃውሞ 1 ኦም ያህል። ሁለቱ ባትሪዎች ተቀጣጥለው 24 ቮልት። ስለዚህ ከረንቱ ወደ 24 አምፒር ይደርሳል። ይሄን 24 አምፒር በአንድ ማይክሮሴኮንድ፣ ማለትም በሴኮንድ ሚሊዮንኛ፣ ልዝጋው ብትሉ ስሌቱ 24,000 ቮልት ይላችኋል። ከሁለት የዩፒኤስ ባትሪ! በእርግጥ እዚያ አይደርስም። ለምን አይደርስም? ከዚያ በፊት አንድ ነገር ይበሳል። የልጆቹ ሞስፌት 100 ቮልት ነው የሚችለው። እሱ ተበሳ። ግንቡ እሱ ነበር።

ጥቅሉ ውስጥ የተጠራቀመው ጉልበት 0.29 ጁል ገደማ ነው። ትንሽ ነው አይደል? ለእጅ ምንም አይደለም። ለዚያች የሽንብራ ክክ ለምታህል የሲሊከን ቁራጭ ግን፣ በአንዴ ሲወርድባት፣ ብዙ ነው።

ይሄን ነገር አስቀድመው ካዩት ሰዎች አንዱ ጆሴፍ ሄንሪ የሚባል አሜሪካዊ መምህር ነው። ረጅም ሽቦ ከባትሪ ሲነቅል ብልጭታ አየ። አጭር ሽቦ ሲሆን ብልጭታው የለም። እ.ኤ.አ. በ1832 ጻፈው። አሁን «ሚሊሄንሪ» ስንል የእሱን ስም ነው የምንጠራው። መሣሪያው ባትሪና ሽቦ ብቻ ነበር። ዓይኑ ግን ነበረው።

ባጃጅና መኪና የሚነዳ አለ እዚህ? አለ፤ እናንተማ ይሄን ነገር በየቀኑ ትጠቀሙበታላችሁ። ካንዴላው በምን ይነድዳል? በቦቢና፤ እሱም የሽቦ ጥቅል ነው። የድሮ መኪና ላይ ፑንቲናው፣ ማለትም የቦቢናው ማብሪያ፣ ሲከፈት፣ ልብ በሉ፣ ሲገጥም አይደለም፣ ሲከፈት ነው ብልጭታው የሚመጣው። 12 ቮልት ይገባል፤ ብዙ ሺህ ቮልት ሆኖ ካንዴላው ላይ ይዘላል። እዚያ ይሄ «ጉድ» እንጀራችን ነው። ቦቢና ላይ ዳዮድ አስሮ የሚያፍነው ሰው የለም፤ ካፈነው መኪናው አይነሳም። እዚህ የማግኔት ወንጭፉ ላይ ደግሞ ያው ነገር ዕቃ ገዳይ ነው። ነገሩ አንድ ነው፣ ቦታው ነው የተለያየው።

አሁን የራሴን ጉድ ላውራ።

ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ በ24 ቮልት የሚሠራ የአየር ቫልቭ ነበር። ቫልቭ ውስጥ ምን አለ? የሽቦ ጥቅል። እሱን የሚያዘው በማሽኑ ሳጥን ውስጥ ያለ ካርድ ነው። አንድ ቀን ቫልቩ ተቃጠለ፤ ቀየርኩት። ሠራ። ተመሰገንኩ። በወሩ ካርዱ ሞተ። ካርዱ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ውድ ነው። ተቀየረ። በወሩ ሁለተኛው ሞተ። ከዚያ ሦስተኛው። እኔ ምን አልኩ? «ውሸት ዕቃ ነው!» ስብሰባ ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ዕቃውን የገዛው ሰው ላይ ጣቴን ቀሰርኩ። ሰውየው ዝም አለ። አሁንም ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

ከዚያ አንድ ማታ የዕቃ ሳጥኔን ሳጸዳ የድሮውን ቫልቭ ሶኬት አገኘሁት። ጥሩ ናስ ስላለው «ይጠቅማል» ብዬ አስቀምጬው ነበር። ልምድ ነው፣ አንጥልም። ስከፍተው ውስጡ ዳዮድ ተቀምጣለች። አያችሁ? ፋብሪካው ቫልቩን ሲሠራ ሶኬቱ ውስጥ ደብቆ ሰጥቶናል። እኔ ያንን አውጥቼ ባዶ ሶኬት ገጠምኩ። ቫልቩ በጠፋ ቁጥር ካርዱ ላይ በትር ያርፍበት ነበር። ለካ ሦስቱን ካርዶች ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ዳዮዷ ዋጋዋ ስንት ነው? ከአንድ ስኒ ሻይ ብዙ አይርቅም።

ለሰውየው ነገርኩት። «አውቄ ነበር» አለኝ። እስካሁን አውቆ ይሁን ሲያጽናናኝ አላወቅኩም።

እሺ፣ ሁለተኛ። ዳዮዷ።

ዳዮድ የአንድ አቅጣጫ መንገድ ናት። በአንድ በኩል ታሳልፋለች፣ በሌላው አታሳልፍም። ጫፏ ላይ ነጭ ወይም ብርማ መስመር አለ። እስቲ እያስተላለፋችሁ እዩዋት። መልሱልኝ ግን!

በጥቅሉ ሁለት ጫፍ ላይ ትታሰራለች። መስመር ያለው ጫፏ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ። መስመሩ ወደ ፖዘቲቭ! አንድ ላይ በሉ። መስመሩ ወደ? ፖዘቲቭ። ወንጭፉ ሲበራ እሷ ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ በእሷ በኩል ምንም አያልፍም። ማብሪያው ሲጠፋ ግን ከረንቱ መሄጃ ሲያጣ በእሷ በኩል ዞሮ ወደ ጥቅሉ ይመለሳል። ይዞራል፣ ይዞራል፣ ሽቦው ውስጥ ሙቀት ሆኖ ያልቃል። ቮልቴጁ ከባትሪው በላይ 1 ቮልት ገደማ ብቻ ይወጣል። ሞስፌቱ 25 ቮልት ያህል ያያል። 100 ለሚችል 25 ምኑ ነው?

ሐረጎ ላይ ፍሬን እምቢ ላለው መኪና የጎን መታጠፊያ ሠራንለት ማለት ነው።

ልጆቹ ይሄን ከነገርኳቸው በኋላ ሄደው ሞከሩ። በሁለተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። «ጋሼ፣ አጨሰ።» ምን ሆነ? ገልብጠው አስረዋታል። መስመሩን ወደ ኔጌቲቭ! እንደዚያ ከሆነ ወንጭፉ ገና ሲበራ ባትሪው በዳዮዷ በኩል ቀጥታ ሾርት ያደርጋል። ዳዮዷ ሄደች፣ ሞስፌቱም ተከተላት። እዚህ ላይ ቫልቮላ፣ ፊውዝ የምንለው፣ ቢኖር ኖሮ እሱ ብቻ ይሄድ ነበር። በባትሪውና በጥቅሉ መካከል ቫልቮላ አድርጉ። የዩፒኤስ ባትሪ ትንሽ መስሏችሁ አትናቁት፤ ሾርት ሲሆን ሽቦ ያቀላል።

ሌላው የዳዮዷ ዓይነት ነው። ሱቅ ሄዳችሁ «ዳዮድ ስጠኝ» ስትሉ የሚሰጣችሁ 1ኤን4007 ነው። ጥሩ ዕቃ ነው። 1,000 ቮልት ትችላለች። ግን ያለማቋረጥ የምትሸከመው 1 አምፒር ነው፤ ለቅጽበት ደግሞ 30 አምፒር ትችላለች። እኛ ስንት ነው ያለን? 24። ማብሪያው በጠፋበት ቅጽበት ጥቅሉ ውስጥ የነበረው ከረንት በሙሉ ወደ ዳዮዷ ይዞራል። ቅናሽ የለም! 24 ከነበረ 24 ነው። አንድ ጊዜ ብትወረውሩ ትተርፋለች። ደጋግማችሁ ስትወረውሩ ግን ዳር ላይ ናት። እኔ 1ኤን5408 ነው ያስገዛኋቸው። ያለማቋረጥ 3 አምፒር፣ ለቅጽበት 200 ትችላለች። ወፍራም እግር ያላት ናት። የእሷ ዋጋ ከዚያችኛዋ ብዙም አይበልጥም፤ እንቅልፉ ግን ይበልጣል።

እስካሁን ዳዮዷን አመሰገንኩ። አሁን ደግሞ ልውቀሳት።

5408ን በትክክል አሰሩ። ሞስፌቱ አልሞተም። 20 ጊዜ ወረወሩ፣ አልሞተም። እኔ ደስ አለኝ፣ ሥራዬ አለቀ አልኩ። ይቺ ልጅ ግን አልተደሰተችም። «ጋሼ፣ ምስማሩ ወደ ኋላ ይጎተታል» አለች። እንዴት አወቅሽ? «እርምጃ ቆጥሬያለሁ። በፊት ያለ ዳዮድ የወረወረው ይርቅ ነበር።»

እልል አይባልም? ሞስፌት እየሞተ እርምጃ የምትቆጥር ልጅ!

ልክ ናት። ምን እየሆነ ነው? ጥቅሉ ምስማሩን ወደ መሐሉ ነው የሚስበው። ወደ ፊት አይደለም፣ ወደ መሐሉ። ምስማሩ መሐሉን ሲያልፍ ከረንቱ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ መልሶ ወደ መሐል ይስበዋል። ዳዮዷ ደግሞ ከረንቱ ቀስ ብሎ እንዲያልቅ ነው የምታደርገው። ደግነቷ ነው ጉዳቷ። የልጆቹ ጥቅል ላይ ከረንቱ በ1 ሚሊሴኮንድ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል፤ እስኪያልቅ ወደ 3 ሚሊሴኮንድ በሉት። ምስማሩ በሴኮንድ 8 ሜትር ቢሄድ በ3 ሚሊሴኮንድ 24 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ጥቅሉ ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከመሐሉ እስከ ጫፉ 15 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ ምስማሩ ወጥቶም እየተጎተተ ነው ማለት ነው!

መፍትሔው ምንድን ነው? ዳዮዷን ማውጣት? አይደለም! የጎን መታጠፊያው ላይ አሸዋ አፍስሱበት። ከዳዮዷ ጋር በተከታታይ ትንሽ ሬዚስተር፣ ከረንት የሚቃወም ዕቃ። እኛ 2 ኦም፣ ያን ነጭ የሴራሚክ ዓይነት፣ 5 ዋት የሚለውን አደረግን። ከረንቱ በአንድ ሦስተኛ ጊዜ ያልቃል፤ 3 ሚሊሴኮንድ የነበረው 1 ይሆናል። ምስማሩ እየተጎተተ የሚሄደው 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ነጻ ነገር ግን የለም። ሬዚስተሩ ቮልቴጅ ያነሳል። 24 አምፒር ሲባዛ በ2፣ 48 ቮልት። የባትሪው 24። የዳዮዷ 1። ስንት ሆነ? 73። ሞስፌቱ 100 ነው የሚችለው፤ እሺ። «እንግዲያው 5 ኦም እናድርገው፣ ይበልጥ ይፍጠን» አለ ያኛው ልጅ። 24 ሲባዛ በ5 ብቻውን 120 ነው። ሞስፌቱን ገደልከው። ወንጭፉን የሚሠራ ሰው የሚጫወተው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ ማብሪያው እስከሚችለው ድረስ ቮልቴጁን ልቀቀው፣ ከዚያ በላይ አትልቀቀው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ለኤሌክትሪሺያኖች። ይሄ ሁሉ ለባትሪና ለዲሲ ነው። 220 ቮልት ኮንታክተር ጥቅል ላይ ዳዮድ እንዳታስሩ። ኤሲ አቅጣጫውን ይቀያይራል፤ ግማሹ ጊዜ ሾርት ነው። እዚያ ሬዚስተርና ካፓሲተር አንድ ላይ ነው የሚታሰረው። አንድ ወዳጄ አስሮ የቦርዱን በር ጥቁር አድርጎታል።

ጥቁር ካልን አይቀር አንድ ታሪክ አለኝ። እየረዘመ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ይሄን ሳልነግራችሁ አልወርድም።

ክርስቲያን ቢርኬላንድ የሚባል የኖርዌይ ፊዚክስ ሊቅ ነበር። ልክ እንደ እናንተ በጥቅል ማግኔት ጥይት የሚወረውር መድፍ ሠራ። እውነተኛ መድፍ! እ.ኤ.አ. በ1903 ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ፣ ልክ እንደዛሬው፣ የተከበሩ እንግዶች ተሰብስበው ሊያሳይ ቆመ። ማብሪያውን ነካ። ሾርት አደረገ! አዳራሹ በብልጭታና በጩኸት ተሞላ፣ ሰው ተደናገጠ። ማን ከዚያ በኋላ መድፉን ይገዛል? ሰውየው ግን ያንን ብልጭታ አልጣለውም። አየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን በኃይለኛ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ማቃጠል ይቻላል፤ ከዚያም ማዳበሪያ ይሠራል። ሳም አይዴ ከሚባል መሐንዲስ ጋር ሠሩት። ኖርስክ ሃይድሮ የሚባለው ኩባንያ በ1905 የተቋቋመው በዚህ ሥራ ነው። በኋላ ርካሽ ዘዴ መጥቶ ተካው እንጂ፣ ከአየር ማዳበሪያ በፋብሪካ ሲመረት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። መድፍ ሊሠራ ሄዶ ማዳበሪያ ይዞ ተመለሰ። እዚህ የተቀመጣችሁ ገበሬ አባቶች፣ ማዳበሪያ ስትጠብቁ እሱን አስታውሱት።

ልጆች ግን ከዚህ ታሪክ «ሾርት ማድረግ ጥሩ ነው» የሚል ትምህርት እንዳትይዙብኝ።

ሦስተኛ። ካፓሲተር። አሁን ልቆጣ ነው።

ስልካችሁ ላይ ያያችሁት ወንጭፍ ሁሉ በካፓሲተር ነው የሚሠራው፤ አውቃለሁ። ካፓሲተሩ ይሞላል፣ ታይሪስተር የሚባል ማብሪያ በአንዴ ጥቅሉ ላይ ይለቀዋል። ሞተር ሳይክል ላይ ካንዴላውን የሚያነድደው ሲዲአይ የሚባለው ዕቃም ሥራው ያው ነው። ታይሪስተር ጠባዩ ክፉ ነው፤ መክፈት ትችላላችሁ፣ መዝጋት አትችሉም። ከረንቱ ራሱ እስኪያልቅ ክፍት ነው።

ካፓሲተሩ ባዶ ሲሆን ምን ይሆናል? ያልቃል ትላላችሁ። አያልቅም! ያቺ የተጫነች መኪና ገና እየሄደች ነው። ዥዋዥዌ አስቡ፤ መሐል ሲደርስ ይቆማል? አልፎ በወዲያ በኩል ይወጣል። ከረንቱም አልፎ ካፓሲተሩን በግልባጩ ይሞላዋል። ትልልቆቹ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች ደግሞ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አላቸው፤ ግልባጭ አይወዱም። ይሞቃሉ፣ ጋዝ ይፈጥራሉ፣ ይፈነዳሉ። ሽታውን አንዴ ያሸተተ አይረሳውም። መድኃኒቱ ያቺው ዳዮድ ናት፤ መስመሯን ወደ ፖዘቲቩ አድርጋችሁ ካፓሲተሩ ላይ እሰሯት። ዥዋዥዌው መሐል ሲደርስ በእሷ በኩል ያልፋል፣ ካፓሲተሩ አይገለበጥም። እዚህ ግን ከረንቱ በመቶዎች አምፒር ሊሆን ስለሚችል 5408ም ትንሽ ነች።

የምቆጣበት ይሄ አይደለም። ዳዮድ ካፓሲተሩን ትጠብቃለች። ማብሪያውን ትጠብቃለች። እጃችሁን አትጠብቅም! እጃችሁን አትጠብቅም!

አጎቴ ደሴ ጋራዥ ነበረው። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት እዚያ እውል ነበር። አንድ ቀን ትልልቆቹ ልጆች ከመኪና የወጣ ኮንደንሰር፣ ያው ካፓሲተር ማለት ነው፣ በቦቢናው ሞልተው «ያዝ!» ብለው ወረወሩልኝ። ያዝኩ። እስከ ክርኔ ድረስ መዶሻ የመታኝ መሰለኝ። ሳቁ። የጋራዥ ጨዋታ ነው፣ ዛሬም አለ። አጎቴ ግን አልሳቀም። የወረወረውን ልጅ አስቁሞ ለሁላችንም እንዲህ አለን፤ «ባትሪው ተነቅሏል ማለት ኮረንቲው ሄዷል ማለት አይደለም።» ያቺ ኮንደንሰር የአውራ ጣቴን ታህል ነበር።

አሁን ሒሳቡን ስሙ። 1,000 ማይክሮፋራድ በ50 ቮልት ሲሞላ 1.25 ጁል ነው። ያው ካፓሲተር መጠን በ400 ቮልት ሲሆን 80 ጁል። ቮልቴጁ 8 እጥፍ፣ ጉልበቱ 64 እጥፍ! ያ ሰው ይገድላል። የካሜራ ፍላሽ ውስጥ ያለው ወደ 300 ቮልት ይሞላል፤ ካሜራው ከጠፋ በኋላም ይዞ ይቆያል። እነዚህ ልጆች «የድሮ ካሜራ አግኝተናል ጋሼ» ብለው መጥተው ነበር። ቀማኋቸው። አዎ፣ ቀማኋቸው። ካሜራው አሁንም ሱቄ ነው፤ ባለቤቱ መጥቶ ይውሰድ።

በካፓሲተር መሥራት ካለባችሁ ከ50 ቮልት አትለፉ፤ ካፓሲተሩ ላይም ማፍሰሻ ሬዚስተር በቋሚነት እሰሩበት። ለ1,000 ማይክሮፋራድ 10 ኪሎኦም ብታደርጉ በ50 ሴኮንድ ውስጥ ከመቶ አንድ እንኳ አይቀረውም። ከዚያም ቢሆን በመልቲሜትር ሳትለኩ አትንኩ። ለኩ። ከዚያ ንኩ።

ወላጆች፣ «ልጄ ክፍሉ ውስጥ በሽቦ እየተጫወተ ነው» ብላችሁ ዕቃውን አትጣሉበት። ግን ግቡና «ስንት ቮልት ነው?» በሉት። ካላወቀ ያን ጊዜ አንሱበት።

በቃ፣ ይሄን ያህል ነው። አሁን እናያለን። ሦስታችሁ ኑ። መነጽር አድርጉ። እናንተ የፊት ወንበር ላይ ያላችሁ ወደ ግራ ዙሩልኝ፤ በምስማሩ መንገድ ላይ ሰው አይቀመጥም። እርስዎም አባቴ፣ ይቅርታ፣ እዚህ ይምጡ። ግድግዳው ላይ ካርቶን ተለጥፏል? ጥሩ።

መጀመሪያ በዳዮድ ብቻ አምስት ጊዜ ትወረውራላችሁ። ቀጥሎ በዳዮድና በሬዚስተር አምስት ጊዜ። ሱቄ ስንሞክረው መጀመሪያው ሦስት እርምጃ አልሞላም፣ ሁለተኛው አራት ነበር። ዛሬ ግን በእርምጃ አልፈልግም። አንቺ ሜትሩን ያዢ፣ አንተ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ጻፍ። ኧረ ቶሎ በሉ፣ መብራት ሳይሄድብን...

አይ፣ ረሳሁት፤ በባትሪ ነው የሚሠራው። በሉ ጀምሩ።